የአእምሮ ሕመምተኛውም የማኅበሩ አባል ነው

የአርሶ አደሩ ጤንነት ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበው ወባው፣ ተቅማጡና የሳንባ በሽታው ነው። የአእምሮ ሕመም ግን የቤተሰቡ ገመና ሆኖ ስለሚታይ በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ እምብዛም አይነሣም። ይህ ዝምታ ከባድ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን በራሱ በገጠሩ የተካሄደ ጥናት አረጋግጧል።

ጥናቱ የተደረገው በጉራጌ አገር በቡታጅራ ዙሪያ ነው። ተመራማሪዎች ከ68,000 በላይ ነዋሪዎችን ከመረመሩ በኋላ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለይተው ለ10 ዓመታት ያህል ተከታተሉ። በ2007 ዓ.ም. በወጣው ውጤት መሠረት ከእነዚህ ውስጥ 121ዱ ሞተዋል። ይህም ከሌላው ነዋሪ ሞት በእጥፍ የሚበልጥ ሲሆን፣ ሰዎቹ የሞቱት ከዕድሜያቸው 30 ዓመት ገደማ ቀድመው ነው።

ግማሽ ያህሎቹን የገደለው ተላላፊ በሽታ መሆኑ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። «አብዷል» ተብሎ የተተወ ሰው ቢያስለው ወይም ቢያተኩሰው ልብ የሚለው ላይኖር ይችላል። ራሳቸውን ያጠፉ፣ በአደጋ የሞቱና በሰው እጅ የተገደሉም ጥቂት አልነበሩም።

በጎረቤት ሶዶ ወረዳ የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ ከባድ የምግብ እጥረት የአእምሮ ሕመምተኛ ባለበት ቤት ሁለት እጥፍ ያህል በዝቶ መገኘቱን ያመለክታል። ነገሩ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። አራሹ ሲታመም አስታማሚውም ከእርሻ ይቀራል፤ መሬቱ ለእኩል ይሰጣል፤ በሬው ይሸጣል። የአእምሮ ሕመም በዚህ ዓይነት ወደ ሰውነትም ወደ ጎተራም ይደርሳል።

ሕመምተኛውን በሰንሰለት የሚያስር ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚያስረው ጠልቶት ሳይሆን ጠባቂና መላ አጥቶ ነው። ይሁንና እስራት አያድንም። ጠበል የሚሄድም ቢሆን መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። በዚያው በጉራጌ አካባቢ በተደረገ ሙከራ፣ ሕክምና ጀምረው ለተረጋጉ ሕመምተኞች የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሰጡት ክትትል ከአእምሮ ሕክምና ነርሶች ክትትል ያላነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ስለሆነም ርዳታው የግድ ሩቅ ከተማ ድረስ የሚያስኬድ አይደለም።

ይህ ሲባል የማኅበር መሪዎች ሐኪም ይሁኑ ማለት አይደለም። ከእነሱ የሚጠበቀው በእጃቸው ያለውን መሥራት ነው። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆነው የታሰረና የተደበቀ ሕመምተኛ ያለበትን ቤት በምስጢር ለይተው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ማድረግ፣ አቅም ያነሰው ቤተሰብ በጤና መድን ከነፃ ታካሚዎች ጋር እንዲመዘገብ ማሳሰብ፣ በእርሻ ወቅት መሬቱን በደቦ ማሳረስ፣ የተሻለውንም ወደ ዕድሩና ወደ ሥራው መመለስ ይችላሉ።

እግሩ ለተሰበረ ገበሬ ወጥቶ የሚያርስ ማኅበር አእምሮው ለታመመው የማይወጣበት ምክንያት የለም። መጪው የእርሻ ወቅት ሳይደርስ እያንዳንዱ ማኅበር ጉዳዩን በስብሰባው ላይ አንሥቶ ሊወስንበት ይገባል።