የአውሮፕላን ትኬት ሕክምና አይደለም

ዓርብ ሲሆን ኒስፍ አልቀመር ላይ ብዙዎቻችን እንገናኛለን። አሰሪዎቻችን ሻሊህ ይከራያሉ፤ እኛ ልጆቹን እየጠበቅን ባሕሩ ዳር እንቆማለን። አማርኛ የምናወራባት ሰዓት እሷ ናት። አንዲት እህታችን ጡቷ ውስጥ ስላገኘችው እብጠት የነገረችኝም እዚያው ቆመን ነው። «አያመኝም እኮ፣ ምንም አይሆንም» አለችኝ። መቼ እንደጀመራት ስጠይቃት «ከረመዳን በፊት» አለች። ያን ጊዜ ሐጅም አልፎ ነበር።

ለምን ዝም አልሽ ስላት፣ «ማዳም ከሰማች ኹሩጅ ይመቱብኛል» አለች።

በመጨረሻ ተናገረች። ማዳሟ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ወዲያው ክሊኒክ ወሰደቻት። ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀትም ተጻፈላት። ቀጠሮው ሳይደርስ ግን ቤተሰቡ ትኬት ቆረጠላት። «አገሯ ገብታ እናቷ ዘንድ ብትታከም ይሻላታል» ብለው ነው። አንድም የሕክምና ወረቀት ሳትይዝ ሄደች። አዲስ አበባ ስትደርስ ሁሉም ነገር ከዜሮ ተጀመረ።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ በደግነት የተቆረጠ ቢሆንም፣ ትኬት ሕክምና አይደለም።

የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ስላላመመ ደህና ነኝ ማለት አይቻልም። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች አንደኛው የጡት፣ ሁለተኛው የማህፀን በር ካንሰር ነው። ሁለቱም ቶሎ ከተገኙ የመዳን ዕድላቸው ሰፊ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጡት ካንሰር የተጠረጠረች ሴት ሐኪም ዘንድ ከቀረበች በኋላ በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ እንዲታወቅ ይመክራል። የኛ እህት 60ውን ቀን የጨረሰችው ገና በፍርሃት ነው፤ ቀሪው ደግሞ በጉዞ አለቀ።

ሕክምናው እዚህ የለም እንዳንል፣ አለ። ደማም የሚገኘው የንጉሥ ፋህድ ስፔሻሊስት ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና የሚሰጥ ትልቅ ሆስፒታል ነው። የሳዑዲ መንግሥት የጤና ተቋማቱን በ20 ክላስተሮች አደራጅቷል፤ የኛው የምሥራቅ ጤና ክላስተር ይባላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጤና ጣቢያው፣ ሆስፒታሉና ስፔሻሊስት ሆስፒታሉ በአንድ ሰንሰለት ይያያዛሉ፣ በሽተኛዋ በኢሓላ፣ ማለትም በሪፈር ወረቀት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ችግሩ በየበሩ የሚጠየቀው ነገር እኛ እጅ አለመሆኑ ነው። ኢቃማችን በአሰሪው ስም ነው። ቀጠሮ ሲመጣ የሚደወለው ለአሰሪው ነው። የሚያደርሰን መኪናም የሱ ነው። አሰሪው ደግ ከሆነ ሰንሰለቱ ይሠራል፤ ካልሆነ የመጀመሪያው በር ላይ ይበጠሳል። የአንድ ሰው ሕይወት በሌላው ሰው ጸባይ ላይ ከተንጠለጠለ ደግሞ እኩልነት የሚባል ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በአንድ አሰሪ ስም ያሉ የቤት ሠራተኞች ከአራት ከበለጡ የጤና ኢንሹራንስ ግዴታ ሆኗል። ጥሩ ጅምር ነው። ግን ስንቶቻችን ነን አምስት ሆነን የምንሠራው? ብዙዎቻችን በአንድ ቤት አንድ ነን። ካንሰር ደግሞ ቤቱ ውስጥ ስንት ሠራተኛ እንዳለ ቆጥሮ አይመጣም።

ደግሞም የሆስፒታሉ በር ቢከፈት የቤቱ በር ካልተከፈተ ዋጋ የለውም። ኬሞ ብዙውን ጊዜ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ለወራት የሚሰጥ ነው። የጨረር ሕክምና በሳምንት አምስት ቀን ለሳምንታት ሊቀጥል ይችላል። የቤት ሠራተኞች ደንብ የሐኪም ማስረጃ ላላት ሠራተኛ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። 30 ቀን ለጉንፋን ይበቃል፣ ለካንሰር አይበቃም።

«ታዲያ አገር ቤት መሄዱ አይሻልም?» ትሉኝ ይሆናል። ለአንዳንዷ ይሻላል፤ የምትጠብቃት እናት አለች። ግን አገራችንንም እናውቃታለን። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በመላ ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ብቸኛው ሆስፒታል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጅማን የመሳሰሉ ቢጨመሩም ለሚፈልገው ሕዝብ ገና ጥቂት ናቸው። ባዶ እጇን የምትሄድ ሴት ናሙናው እንደገና ይወሰድባታል፣ ወረፋውንም ከኋላ ትጀምራለች።

ስለዚህ ኢንሹራንሱ ለአንዲት ሠራተኛም ግዴታ ይሁን እላለሁ። ካንሰር የተጠረጠረባት ሴት የምርመራ ውጤቷን ሳትይዝ፣ የጀመረችውንም ሕክምና ወዴት እንደምትቀጥል ሳታውቅ ኹሩጅ አይመታባት። ሪያድ ያለው ኤምባሲያችንም ከደማም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃልና፣ ለታመመች ዜጋ የሚከታተል ሰው እዚህ ይመድብ።

እስከዚያው ግን እህቴ፣ በእጅሽ ያለውን አድርጊ። ጡትሽ ወይም ብብትሽ ላይ እብጠት ካገኘሽ፣ ከጡትሽ ጫፍ ደም ከወጣ፣ ወይም ከወር አበባሽ ውጭ ከደማሽ በዚያው ሳምንት ተናገሪ። ለመናገር ከፈራሽ 937 ደውዪ፤ የጤና ሚኒስቴር መስመር ነው። ሐኪም ባየሽ ቁጥር ተቅሪሩን ጠይቂ፣ የናሙናውን ውጤትና የራጅ ሲዲውንም ጭምር። ሁሉንም በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለምታምኚው ሰው ላኪ። ሂጂ ከተባልሽ «ወረቀቴን ስጡኝና እሄዳለሁ» በይ። ስለታመምሽ ደግሞ ያልተከፈለሽ ደመወዝ አይቀርም፤ ካስቀሩብሽ የሰው ኃይል ሚኒስቴር ቁጥር 19911 ነው።

ያቺ እህታችን አሁን ኬሞ እየወሰደች ነው። ባለፈው በኢሞ ስትደውልልኝ ድምፅዋ ደክሟል። ዓርብ ማን ማን እንደመጣ ጠየቀችኝና «ወረቀታቸውን እንዳይተዉ ንገሪያቸው» አለችኝ። ይኸው ነገርኳችሁ።