የእናቴ ጥለት

ለእኔ «ቀለም» ማለት ከልጅነቴ ጀምሮ የስንኝ ጉዳይ ነበር፤ የወል ቤት በስድስት በስድስት ቀለም ሲመታ በጣቴ እየቆጠርሁ ነው ያደግሁት። ባለፈው ጥር ታናሽ እኅቴ ስትዳር ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም ይዞ ቤታችን ገባ። «ቀለማችን ምንድን ነው?» ይባል ጀመር። ለጥሪ ካርዱ አራት ስንኝ እንድጽፍ ስታዘዝ እንኳ በቅድሚያ የተነገረኝ ግጥሙ በሊላ እንደሚታተም ነው።

ሊላና ብርማ። የተመረጠው ይህ ነበር። የአዳራሹ መጋረጃ፣ የወንበሩ ሪባን፣ የሚዜዎቹ ቀሚስና ከረባት፣ የኬኩ አበባ፣ የመኪናው ጌጥ ሳይቀር። ዲኮር የሚሠራው ወጣት ከየአገሩ የለቀማቸውን ፎቶግራፎች በስልኩ እያገላበጠ ሲያሳየን ሥራውን ከልቡ እንደሚወድ ያስታውቅ ነበርና ልወቅሰው አልችልም። ለቤተሰቡ ሴቶች አንድ ዓይነት ቀሚስ ልናዝዝ ሽሮ ሜዳ ወጣን። ባለ ሱቁ ፎቶውን አየና ክሩን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ፤ «በስልክ አንድ ነው፣ በመብራት ሌላ ነው፣ በፀሐይ ደግሞ ሌላ ነው» አለን። በዚያ ወር ከሰማሁት ንግግር ሁሉ ይህን ያህል እውነት ያለው አላገኘሁም።

እናቴ አባታችን ከሞተ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ከል አላወለቀችም። ለሠርጉ ልታወልቅ ማሰቧን ያወቅነው ሣጥኗን ከፍታ አንድ ቀሚስ ስታወጣ ነው። እኅቴ ክርስትና ስትነሣ አባቴ የገዛላት፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቅማ ጥለት ያለው ቀሚስ። እኅቴ አየችውና፣ ክፋት ሳይኖራት፣ «እማዬ፣ ፎቶው ላይ ይጮኻል» አለች። እናቴ «እሺ ልጄ» ብላ አጥፋ ሣጥኑ ውስጥ መለሰችው። እኔ እዚያው ተቀምጬ የአዳራሹን ክፍያ እደምር ነበር። አንድ ቃል አልተነፈስሁም።

አንባቢ ሆይ፣ የድሮው ሁሉ ይሻላል ባይ አይደለሁም። ዛሬ ያለ እርሱ ሠርግ የማይመስለን ነጩ ቬሎ ራሱ፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 ነጭ ለብሳ ካገባች በኋላ እየተዛመተ የመጣ ልማድ ነው፤ ከዚያ በፊት የአውሮፓ ሙሽሮች በልዩ ልዩ ቀለም ያገቡ ነበር። እናቶቻችንም ይመርጡ ነበር፤ ከሸማኔው ጋር ስለ ጥለቱ መከራከር ያውቁበታል። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ልብስ ይናገራል። ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል፤ ለሐዘን ይዘቀዘቃል። ጎረቤት ከሩቅ አይቶ «እሰይ፣ ከሏን አወለቀች» ይላል፤ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

ቅሬታዬ ቀለሙ ከካሜራው ተነሥቶ ወደ ሰው መምጣቱ ነው። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ጥንዶች መስኮቴ ላይ ስለ ወንበር ልብስ ሲከራከሩ እሰማለሁ። (ያወጡትን ገንዘብ መጠን የደንበኛ ምስጢር ነውና አልናገርም።) ዕቁብ ወጥቶ ለመጋረጃ ይሄዳል። እሱስ የገዛ ገንዘባቸው ነው። እናትን ወይም አክስትን «ከቀለሙ ጋር አትሄጂም» ማለት ግን በየትኛው ደረሰኝ ይመዘገባል?

ቀለሙ ከቤት ቢጀምርስ? በአንድ ጥለት ወርድ ውስጥ ብቻ ስንት ዓይነት ክር ተሰልፏል! የእናቴን ቀሚስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ለዚያ ወጣት «ከዚህ ውስጥ ምረጥ» ብንለው ኖሮ አረንጓዴውን ለመጋረጃው፣ ወርቅማውን ለሪባኑ ማውጣት አያቅተውም ነበር፤ ሙያ አለውና። ያን ጊዜ ይህ አልታየኝም። ወይም ታይቶኝ ሰንፌ ይሆናል።

በሠርጉ ዕለት እናቴ ባለ ሊላ ጥለቱን ለበሰች። አምሮባት ነበር፣ አልዋሽም። አንዲት የዕድር ጓደኛዋ ግን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ከል ማውለቅሽ ነው ወይስ ዩኒፎርም ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ሣቀች።

የመልሱ ዕለት ዲኮር ሠሪ አልነበረም። ሙሽሮቹ ካባቸውን ደርበው ግቢያችን ውስጥ በተጣለው ድንኳን ተቀምጠዋል። እናቴ ማንንም ሳታማክር ባለ ቀዩን ለብሳ ከጓዳ ወጣች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኅቴ ተነሥታ አቀፈቻት። በስልኬ አነሣኋቸው። እጄ ሳይንቀጠቀጥ አልቀረም፣ ፎቶው ደብዝዟል፤ ከኋላም የቢራ ሣጥን ይታያል። ሊላ ገበር ባለው ትልቁ አልበም ውስጥ አልገባም። እናቴ ግን አሳጥባ ሳሎን ውስጥ ከአባቴ ፎቶግራፍ አጠገብ አስቀምጣዋለች።