የሥነ ልሳን ትምህርት የንባብ ዝርዝርና የሴት ምሁራን ድርሻ

በከፍተኛ ትምህርት የፆታ እኩልነት ሲነሳ ውይይቱ በአብዛኛው በሴት ተማሪዎችና በሴት መምህራን ቁጥር ላይ ያተኩራል። ተማሪው እንዲያነበው የሚታዘዘውን ጽሑፍ ማን እንደጻፈው ግን እምብዛም አይጠየቅም። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35፣ በሴቶች ላይ የቆየው የበታችነትና የልዩነት ታሪክ ያሳደረው ተጽዕኖ በድጋፍ እርምጃዎች እንዲታረም ደንግጓል። የንባብ ዝርዝርም ይህ ተጽዕኖ ልብ ሳይባል ከሚቆይባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው።

የሥነ ልሳን ትምህርት ለዚህ ማሳያ ይሆናል። የአገሪቱን ቋንቋዎች ገጽታ በስፋት ያስተዋወቀውና እ.ኤ.አ በ1976 የታተመው "ላንጉጅ ኢን ኢትዮጵያ" የተሰኘው መጽሐፍ አራት አዘጋጆች ሁሉም ወንዶች ናቸው። በአማርኛ ሰዋስው ጥናት ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ቮልፍ ሌስላውና ፕሮፌሰር ባዬ ይማምም እንዲሁ። የእነዚህ ሥራዎች ዋጋ አያጠያይቅም። ችግር የሚፈጠረው ዝርዝሩ በእነርሱ ብቻ ተወስኖ ሲቀር ነው።

ሴቶች በመስኩ ያበረከቱት ሥራ ጥቂት አይደለም። ኦልጋ ካፔሊዩክ እ.ኤ.አ በ1988 በአማርኛ ስማዊ አወቃቀሮች ላይ፣ ዶክተር አዜብ አምሃ በ2001 በማሌ ቋንቋ ላይ፣ ይቮን ትራይስ በ2008 በካምባትኛ ሰዋስው ላይ መጻሕፍት አሳትመዋል። ኋላ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሂሩት ወልደማርያም የሐሮ ቋንቋን ሰዋስው አጥንተዋል። ሩት ክሬመር በ2015 ባሳተሙት የሰዋስዋዊ ፆታ ጥናት አማርኛን ዋነኛ ማስረጃ አድርገዋል።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ እነዚህ ሥራዎች የሚመለከቱት የቋንቋን መዋቅር መሆኑ ነው። ስለሆነም ስፍራቸው የሮቢን ላኮፍ የ1975 መጽሐፍ በሚነበብበት "ቋንቋና ፆታ" በተሰኘ አንድ ምዕራፍ ሳይሆን በሥነ ምዕላድና በአገባብ ዋና ምዕራፎች ውስጥ ነው።

የአጠቃቀስ ልማድም ድርሻ አለው። አማርኛ "ጻፈ" እና "ጻፈች" ብሎ ፆታን ይለያል፤ በአክብሮት "ጻፉ" ሲል ግን ልዩነቱ ይጠፋል። "ክሬመር እንደጻፉት" የሚለውን ያነበበ ተማሪ ጸሐፊዋ ሴት መሆናቸውን ላያውቅ ይችላል። በዝርዝሩ ሙሉ ስም መጻፍ ይህንን በቀላሉ ያስቀራል።

መምህራን ዝርዝራቸውን ሲከልሱ ግዴታ የሆኑትን ንባቦች ከተጨማሪዎቹ ለይተው መቁጠር ይኖርባቸዋል። ሴቶቹ በተጨማሪው ክፍል ብቻ ከሰፈሩ ለውጡ የይስሙላ ይሆናል። ቤተ መጻሕፍትም መጻሕፍቱን ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። ነገ የራሷን ጥናት የምትጽፍ ተማሪ፣ መስኩን ካቀኑት መካከል ሴቶች እንዳሉ ዛሬ ከምታነበው መረዳት ይገባታል።