ሲዲ ማስገቢያ የሌለው ፕሌይስቴሽን ለአምቦ ልጅ ምን ያደርግለታል?

እኛ አገር ሁሉም ሲዲ ነው። ዲቪዲውም ሲዲ ነው፣ ብሉሬዩም ሲዲ ነው፣ ክብ ሆኖ ካብረቀረቀ ሲዲ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሲዲ እያልን ስንቀጥል የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች እንዳትቆጡን። የምናወራው ስለ ጌም ሲዲ ነው፤ እሱም ቢሆን ዕድሜው እያጠረ ያለ ይመስላል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2020 ፕሌይስቴሽን 5ን ሲያወጣ ሲዲ ማስገቢያ ያለውንና የሌለውን ጎን ለጎን አቀረበ፤ የሌለው በ100 ዶላር ይረክስ ነበር። በ2024 የመጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ደግሞ ሲወጣ 700 ዶላር ተጠይቆበት ጭራሽ ማስገቢያ የለውም። የፈለገ ለብቻው ይግዛ ነው ነገሩ። ጌሙን ከኢንተርኔት ግዛ፣ አውርድ፣ ተጫወት። ሲዲ የአያቶችህ ነው።

ይሄ ምክር ለቶኪዮና ለለንደን ልጅ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለአምቦ፣ ለጊንጪ፣ ለጉደር፣ ለባኮ ልጅ ግን አይሆንም ባዮች ነን። ናፍቆት ይዟቸው ነው እንዳትሉን፤ ለመናፈቅ ገና ነን። ምክንያታችንን ስሙን።

ከቀላሉ እንጀምር። አሁን የሚወጣ አንድ ደህና ጌም 60 ጊጋ ባይት ቢሆን አይገርምም፤ 100 የሚያልፍም አለ። በሴኮንድ 4 ሜጋ ቢት የሚሄድ መስመር አለን እንበል (ጎረቤት ፊልም እያየበት ሳይሆን ለብቻችን)። ሒሳቡ 33 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይመጣል። መብራት ሳይጠፋ፣ መስመሩ ሳይቆራረጥ ነው ታዲያ። በእነዚህ 33 ሰዓታት ውስጥ አንድ የአምቦ ልጅ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ መርካቶ ይወርዳል፣ ሲዲውን ተከራክሮ ይገዛል፣ ምሳውን ይበላል፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ ማታ ጓደኞቹን ሰብስቦ ይጫወታል። በማግስቱም ሲጫወት ይውላል። ማውረዱ ያን ጊዜ ገና አላለቀም። ከ115 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ መንገድ ላይ ሚኒባስ ከኢንተርኔት ይፈጥናል ማለት ነው። ይሄ የሚያስቅ ነገር ነው፤ ለሁለት ዓመት አጠራቅሞ ኮንሶል ለገዛ ሰው ግን አያስቅም።

እሺ፣ መስመሩ ተሻሻለ እንበል። እየተሻሻለም ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ሁለተኛ ቴሌኮም ገብቶ ፉክክር መጥቷል። የሚቀጥለው ጥያቄ ከየት ትገዛለህ? የሚል ነው። የፕሌይስቴሽን መደብር መለያ ሲከፈት “አገርህን ምረጥ” ይላል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ ልጁ አሜሪካዊ ወይም እንግሊዛዊ ይሆናል፤ አምቦ ተቀምጦ የማያውቀውን ከተማ ፖስታ ቁጥር ይሞላል። ይሄ ከመደብሩ ደንብ ጋር የሚጋጭ ውሸት ነው። ለጊዜው የሚጠይቀው የለም፤ የጠየቁት ዕለት ግን የሚሟገትበት አንዳች ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ሄልዳይቨርስ 2 የተባለው የኮምፒውተር ጌም ላይ የሶኒ መለያ ግዴታ ሊሆን ነው ሲባል የሆነውን የጌም ወዳጆች ታስታውሳላችሁ። የሶኒ ኔትወርክ በማይሠራባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ጌሙ ከሽያጭ ወረደ። ግዴታው በቀናት ውስጥ በተጫዋቾች ጩኸት ቢነሳም፣ በዚያ መዝገብ ላይ አለመኖር ማለት ምን እንደሆነ ያኔ ታየ።

ክፍያውም በዶላር ነው። ዓለም አቀፍ ካርድ የያዘ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካለ ይንገረን፣ እናደንቀዋለን። የሌለው ውጭ ያለ ዘመዱን የስጦታ ካርድ ይለምናል፣ ወይም ከደላላ በደላላ ዋጋ ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ሆነ። ከዚያች ቀን በፊት በባንክ ዋጋ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሁለት ሳምንት 100 አለፈ። የ70 ዶላር ጌም ከ4,000 ብር ተነስቶ 7,000 ገባ ማለት ነው፤ ከዚያም ወዲህ አልወረደም። በዚህ ገንዘብ ጌም ገዝቶ መልሶ መሸጥ አለመቻል፣ ለጓደኛ ማዋስ አለመቻል፣ በሌላ መለወጥ አለመቻል እኛ ዘንድ ቅንጦት ነው።

ሲዲ ግን ይሸጣል። የሲዲን ሕይወት ማየት የፈለገ የነቀምትን መንገድ ይከተል። አዲስ አበባ አንዱ ጨርሶት ይሸጠዋል፣ አምቦ ይመጣል። አምቦ ሁለት ወር ይቆይና ትንሽ ገንዘብ ተጨምሮበት በሌላ ይለወጣል። ጉደር ይወርዳል፣ ጌዶ ይወጣል፣ ባኮ ሲደርስ ሽፋኑ የለም፣ ጀርባው ድመት የቧጨረችው ይመስላል፤ ግን ይሠራል። ወደ ምዕራብ በሄደ ቁጥር ይረክሳል፤ በረከሰ ቁጥር ሌላ ኪስ ይደርሳል። አምስት ጓደኛሞች እንደ እቁብ አዋጥተው ይገዙታል፣ በየተራ ይወስዱታል። የፕሌይስቴሽን ቤት ከፍቶ “የተሸነፈ ይከፍላል” እያለ ሦስት ወንድሞቹን የሚያስተምር ልጅ ዕቃው ይሄ ነው። ሥራው ሲቀዘቅዝ ሲዲውን ሸጦ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ያወረደውን ጌም ግን ለማን ይሸጠዋል?

በነገራችን ላይ ከመደብር ስለሚወርድ ጌም “ገዛሁት” የሚለው ቃል እነሱም አገር አጠያያቂ ሆኗል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው፣ ከጥር 2025 ጀምሮ በሚሠራ ሕግ፣ እንዲህ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥ መደብር ደንበኛው ፈቃድ ብቻ እየገዛ መሆኑን በግልጽ እንዲነግረው ታዟል። ባለቤት አይደለህም፣ ተከራይ ነህ ማለት ነው፤ የኪራዩ ዘመን ግን አይነገርህም። ኔንቲዶ የሁለት ኮንሶሎቹን መደብር በመጋቢት 2023 ዘጋ። ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ 360ን በሐምሌ 2024 ዘጋ። ኢኤ ደግሞ በመስከረም 2023 ፊፋ 23ንና ከዚያ በፊት የነበሩትን ከኢንተርኔት መደብሮች ሽያጭ አወረደ። ቀድሞ የገዛ እንደያዘ ይቀጥላል፤ ዛሬ በሕጋዊ መንገድ ማውረድ የሚፈልግ ግን አያገኘውም። የፊፋ 18 ሲዲ ያለው የጉደር ልጅ ይህን ዜና አልሰማም፣ መስማትም አያስፈልገው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ኮንሶሉ በየ24 ሰዓቱ አንዴ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ ጌም አያጫውትም ብሎ ነበር። የአሜሪካ ልጆች እንኳ ተቆጡ፣ ሰኔ ሳያልቅ ኩባንያው ሐሳቡን ለወጠ። 24 ሰዓት! እኛ በሰዓት የምንቆጥር ሰዎች አይደለንም። በ2009 አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ለሳምንታት ጠፋ። በዚያው ዓመትና በ2011 ደግሞ በብሔራዊ ፈተና ምክንያት ተዘጋ። ሰኔ 22 ቀን 2012 የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ፤ በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለሦስት ሳምንት ገደማም እንደተቋረጠ ቆየ። የቀብሩ ከተማ አምቦ ነበረች። በዚያ ሐዘን መሐል ስለ ጌም ማንሳት ነውር ይመስላል፣ ይገባናል። የምንለው ግን ይሄንን ነው፦ ያንን ሰኔና ሐምሌ ያየ ከተማ፣ ቤቱ ያለውን ዕቃ ሌላ ቦታ ያለ ሰው በአንድ ቁልፍ ሊያቋርጥበት እንደሚችል ያውቃል። መጽሐፉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ጌሙንም በእጁ ሊይዝ ቢፈልግ አይፈረድበትም። አውርዶ የጨረሰ ሰው ያለ ኢንተርኔትም ይጫወታል ትሉናላችሁ። ትክክል ነው፣ መለያው በኮንሶሉ ላይ በአግባቡ ከተመዘገበ ይጫወታል። ግማሽ ያወረደው፣ ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ የሰረዘው፣ ኮንሶል የቀየረውስ?

እስካሁን ስናወራ ሁላችሁም በሆዳችሁ “እነዚህ ልጆች የት አገር ነው የሚኖሩት?” እያላችሁ እንደሆነ እናውቃለን። ምዕራብ ሸዋ ውስጥ አብዛኛው ልጅ ሲዲም አይገዛ፣ አያወርድም፤ ያስጭናል። ሃርድ ዲስኩን ይዞ ሱቅ ይሄዳል፣ ዘፈን ፍላሽ ላይ እንደሚያስጭነው ሁሉ ጌሙን ያስጭናል፣ ይመለሳል። ዋጋው ከኦሪጅናሉ ጋር አይወዳደርም። በፕሌይስቴሽን 2 ዘመንም ያው ነበር፣ ቺፕ የገባለት ማሽንና በማርከር የተጻፈበት ኮፒ ሲዲ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ማስጫን ስርቆት አይደለም ብለን አንከራከርም፤ የራሱን ፊልም በፍላሽ ሲሸጥ ላየ የአገራችን ባለሙያም ነገሩ ቀልድ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሕጋዊው ሻጭ አገርህን በዝርዝሩ አላስገባም፣ ብርህን አይቀበልም፤ በሕጋዊ መንገድ በብር፣ በእጅ፣ በሱቅ የሚገዛው ብቸኛ ነገር ኦሪጅናል ሲዲ ነው፣ አዲስም ይሁን ያገለገለ። ሲዲ ሲጠፋ የአምቦ ልጅ ወደ ሕጋዊው መደብር የሚሄድ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ የሚሄደው ወደ ማስጫኛው ነው። ለሕጋዊነት የሚጨነቅ ኩባንያ እንደ እኛ ላለ ገበያ ሲዲን ለመተው የመጨረሻው መሆን ነበረበት።

ሲዲ እንከን የለውም እያልን አይደለም። ይጫራል፣ ሌንስ ይደክማል፣ ጥርስ ሳሙና ቀብተን ያሸነው ስንቱ ነው። ከዚህ የከፋው ግን ሲዲ መስሎ ሲዲ ያልሆነ ነገር መምጣቱ ነው። ዘ ክሩ የተባለው የመኪና ጌም ሰርቨሩ መጋቢት 2024 ሲዘጋ በሲዲ የገዛውም ባዶ እጁን ቀረ። በ2025 የወጣው የኔንቲዶ ስዊች 2 ደግሞ ውስጣቸው ጌሙ የሌለ፣ “አውርድ” ብቻ የሚሉ ካርዶች ይሸጡለታል። ሳጥን ገዝተህ ሳጥኑ ውስጥ የቤት ሥራ ታገኛለህ። እኛን በቀጥታ የነካን ግን የኮናሚ ነገር ነው። በየከተማችን ስንቱን ፕሌይስቴሽን ቤት ያቆመው ፔስ ከመስከረም 2021 ጀምሮ ኢፉትቦል ሆነ፤ ነጻ ነው፣ ሲዲ ግን የለውም፣ አብዛኛው ነገሩም ኢንተርኔት ይፈልጋል። ነጻ መሆኑ ለስልክ ተጫዋቹ ጥሩ ነው። ሁለት ጆይስቲክ ይዞ በጨዋታ ለሚያስከፍለው ልጅ ግን አሮጌው ፔስ ይሻለዋል።

አሮጌው ደግሞ አልሞተም። ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ መመረቱ ቆሟል። ሆኖም የዓለም አፍቃሪዎች ዛሬም በየዓመቱ የአሮጌውን ፔስ ተጫዋቾችና ማሊያ እያደሱ ያወጡታል፣ አዲሱ ዝውውር ሳይቀር ይገባበታል። ይህን ማድረግ የቻሉት ጌሙ ማንንም ፈቃድ ስለማይጠይቅ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ የዛሬውን ጌም እንዲህ የሚያነሳው ይኖራል ወይ? በሰርቨር ላይ የተንጠለጠለው አይመስለንም።

ስለዚህ ውጭ ያለች አክስት “ፕሌይስቴሽን ልልክልህ ነው፣ ማስገቢያ የሌለው ይረክሳል” ስትል፣ ይሉኝታ ይዟችሁ “ኧረ አዳዳ፣ ያገኘሽውን” እንዳትሉ። ማስገቢያ ያለውን በሏት። ማስገቢያው ተነቃይ የሆነውን ዓይነት አግኝታ ለብቻው ከገዛችው ደግሞ አንድ ነገር አደራ በሏት፤ ያ ማስገቢያ መጀመሪያ ሲገጠም አንዴ ኢንተርኔት ይጠይቃል። እዚያው ሆና፣ የራሷ ዋይፋይ ላይ፣ ገጥማና አስመዝግባ ትላከው።