ከፍጥነቱ በፊት ቆጣሪው፦ የዳያልአፕና የአይኤስዲኤን ምርጫ እንደገና ሲታይ

የኢንተርኔትን አጭር ታሪክ የሚተርኩ የጥናት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የፍጥነት ሰንጠረዥ ያስቀድማሉ። በሰንጠረዡ አናት ላይ 14.4 ኪሎቢት በሰከንድ የሚያስተላልፈው ሞደም ይሰፍራል፤ ከሥሩ 28.8፣ 33.6 እና 56 ይከተላሉ፤ ቀጥሎ አይኤስዲኤን በ64 እና በ128 ይመጣል፤ ከዚያ ዲኤስኤል ሁሉንም ጥሎ ያልፋል። በአኃዞቹ ላይ ስሕተት የለም። ነገር ግን አንባቢው ከእነርሱ ብቻ ተነሥቶ ሰው ሁሉ አቅሙ የፈቀደለትን ያህል ፈጣኑን መረጠ ብሎ ቢደመድም ይሳሳታል። በዚያ ዘመን ለቤቱ ኢንተርኔት ለማስገባት ያሰበ ሰው ሁለት ወረቀቶችን ማስተያየት ነበረበት፤ አንደኛው ፍጥነቱን የሚያውጅ ማስታወቂያ፣ ሁለተኛው የስልክ ታሪፍ። ምርጫውን በአመዛኙ የወሰነው ሁለተኛው ነው፤ ተመራማሪም አስቀድሞ ሊያነበው የሚገባው እርሱን ነው።

ለዚህ ከጀርመን የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል። በዚያች አገር አይኤስዲኤን ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን በተከታዩ ዐሥር ዓመት ጀርመን አገልግሎቱን ወደ መኖሪያ ቤቶች በስፋት ካስገቡ አገሮች ግንባር ቀደም ሆነች። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ የጀርመን ቤተሰብ ሁለቱም አማራጮች በእርግጥ ከፊቱ ነበሩ፤ በነባሩ የስልክ መስመር ላይ ሞደም መቀጠል፣ ወይም መስመሩን ወደ አይኤስዲኤን ማስቀየር።

ሞደም የኮምፒውተሩን ዲጂታል መረጃ ወደ ድምፅ ለውጦ ለንግግር በተዘረጋው መስመር ይልካል፤ በወዲያኛው ጫፍ ድምፁ ተመልሶ መረጃ ይሆናል። ሁለቱ ሞደሞች እስኪግባቡ ድረስ ሃያ፣ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ይንጫጫሉ፤ ቆጣሪው ግን ጥሪው ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ቪ.90 የተባለው ደረጃ ፍጥነቱን ወደ 56 ኪሎቢት ቢያደርሰውም ይህ ለሚወርደው መረጃ ብቻ ነበር፤ የሚላከው ከ33.6 አያልፍም፤ የሚወርደውም ቢሆን እንደ መስመሩ ርዝመትና ጥራት ከተባለው በታች ይሆናል። አይኤስዲኤን በአንጻሩ እስከ ቤቱ ግድግዳ ድረስ ዲጂታል ነው። መደበኛው የቤት መስመር እያንዳንዳቸው 64 ኪሎቢት የሚሸከሙ ሁለት ቻናሎች፣ እንዲሁም ጥሪውን የሚመራ ባለ 16 ኪሎቢት ሦስተኛ ቻናል አለው። ጥሪው በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ይገናኛል። ሁለቱን ቻናሎች አጣምሮ 128 ኪሎቢት ማግኘትም ይቻላል። 128 የሚለው ቁጥር ዓይን ይስባል፤ ሆኖም ሁለቱ ቻናሎች ሁለት ጥሪዎች ናቸው፤ ለየብቻቸውም ይቆጥራሉ።

አሁን ወደ ታሪፉ። እ.ኤ.አ. ከ1996 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ በዋለው የዶይቸ ቴሌኮም ታሪፍ የከተማ ውስጥ ጥሪ የሚከፈለው በአሐድ ነበር፤ አንዱ አሐድ 12 ፌኒግ ሲሆን መቶው ፌኒግ አንድ ማርክ ነው። አንድ አሐድ ቀን ላይ ለ90 ሰከንድ፣ አመሻሽ ላይ ለ150 ሰከንድ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደግሞ ለ240 ሰከንድ ያስነጋግራል። በዚህ ታሪፍ ቀን ላይ 5 ሜጋባይት የሚመዝን ፋይል የሚያወርድ ሰው ለኢንተርኔት አቅራቢው የሚከፍለው ሳይጨመር የስልክ ወጪው ምን ያህል እንደሚሆን ማስላት ቀላል ነው። 33.6 ኪሎቢት የሚያደርስ ሞደም ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህም 14 አሐድ፣ ማለትም 1 ማርክ ከ68 ፌኒግ ነው። በአንድ የአይኤስዲኤን ቻናል 10 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ይወስዳል፤ 7 አሐድ፣ 84 ፌኒግ። ሁለቱ ቻናሎች ሲጣመሩ ጊዜው ወደ 5 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ገደማ ያጥራል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቻናል የተጀመረውን አሐድ ሞልቶ 4 አሐድ ስለሚቆጥር ድምሩ 8 አሐድ፣ 96 ፌኒግ ይሆናል።

ከ33.6 ወደ 64 መሻገር ሂሳቡን በግማሽ ቀነሰው፤ ከ64 ወደ 128 መሻገር ግን ጨመረው። በፍጥነት ሰንጠረዡ ላይ ሁለቱም እርምጃዎች እኩል «እድገት» ሆነው ይታያሉ። ፍጥነት ዋጋ ቢስ ነው ማለት አይደለም፤ ጊዜ በሚሸጥበት ገበያ ፍጥነት ጊዜን ያረክሳልና። ምን ያህል እንደሚያረክስ የሚወስነው ግን አሐዱ ነው። ከዚህም ሌላ የኢንተርኔት ተጠቃሚ ቀኑን ሙሉ ፋይል ሲያወርድ አይውልም። ገጽ ከፍቶ ያነባል፣ ያስባል፣ ቡና ይቀዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ መስመሩ ሥራ ፈትቶ ይቆጥራል፤ ቻናሎቹ ተጣምረው ከሆነ ደግሞ የሥራ ፈቱ ሂሳብ እጥፍ ነው።

ኢሜይል ብቻ ለሚያመላልስ ሰው ነገሩ ከዚህም ይለያል። በሞደም ግማሽ ደቂቃ ለመገናኘት፣ ሌላ ግማሽ ደቂቃ መልእክቶቹን ለመቀበልና ለመላክ ቢያጠፋ ያው አንድ አሐድ ነው። በአይኤስዲኤን በ15 ሰከንድ ቢጨርስም የሚከፍለው ያንኑ 12 ፌኒግ ነው። በላዩ ላይ የአይኤስዲኤን ወርኃዊ ኪራይ ከተራው መስመር ይበልጥ ነበር። ልዩነቱ 20 ማርክ ነው ብለን ብንነሣ፣ ከላይ በተሰላው የቀን ሂሳብ አንድ ሜጋባይት የሚያስገኘው ቁጠባ 17 ፌኒግ ያህል ስለሆነ፣ ልዩነቱን ለመመለስ በወር ወደ 120 ሜጋባይት ማውረድ ያስፈልጋል። ደብዳቤ ብቻ የሚጻጻፍ ቤተሰብ ወደዚያ አይጠጋም። ሥራውን ወደ ሌሊት ያዘዋወረ ተማሪም አሐዱ ከሁለት ዕጥፍ በላይ ስለሚረዝምለት በነባሩ ሞደሙ ቢቆይ ከስሌት አልወጣም። ታሪፉ ለእነዚያ ሰዓቶች የሰጠው ስም «የጨረቃ ብርሃን» የሚል ነበር፤ ከስልክ ኩባንያ የማይጠበቅ ቅኔ።

ታዲያ አይኤስዲኤን ወደዚያ ሁሉ ቤት እንዴት ገባ? አንዱ ማብራሪያ በፍጥነት ሰንጠረዥ ላይ ቦታ የለውም። ሁለት ቻናል ማለት አንዱ ኢንተርኔት ላይ እያለ ሌላው ለስልክ ነጻ ነው ማለት ነው። በሞደም ቤት ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ከተቀመጠ አያቱ ቢደውሉ መስመሩ ተይዟል። ለአንድ ሰው ብቻ የሚኖር ኢንተርኔትና ለቤተሰብ የሚኖር ኢንተርኔት በአንድ ሚዛን እንደማይለኩ ይህ አንድ ምክንያት ብቻውን ያሳያል። ፈጣን የሚባለው ሁነታ፣ ማለትም የሁለቱ ቻናል ጥምር፣ ይህንኑ ጥቅም መልሶ ይነጥቃል፤ ሁለቱም ሲያዙ ስልኩ ይዘጋል።

ተጠቃሚዎች ራሳቸው ቅሬታቸው የት እንደ ነበረ በአደባባይ ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 መስከረም ላይ በስፔን፣ በዚያው ዓመት ኅዳር 1 ቀን በጀርመን ተጠቃሚዎች ለአንድ ቀን ከኢንተርኔት ርቀው አድማ መቱ። የጠየቁት ርካሽ ደቂቃ፣ ከተቻለም ቁርጥ ወርኃዊ ክፍያ ነበር። ቲ-ኦንላይን እ.ኤ.አ. በ2000 በወር 79 ማርክ ቁርጥ ክፍያ ለሞደምና ለአይኤስዲኤን ደንበኞች አቀረበ፤ በዓመቱም አነሣው። ደቂቃ መቁጠር በተተወበት ቦታ ሰው መስመሩን ዘግቶ የሚሄድበት ምክንያት አልነበረውምና።

ይህ በአሜሪካ ቀድሞ ታይቷል። በዚያ የአካባቢ የስልክ ጥሪ በአብዛኛው በደቂቃ አይቆጠርም፤ አሜሪካ ኦንላይንም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 በወር 19.95 ዶላር ያለ ገደብ መጠቀምን ፈቀደ። ወዲያው መደወያ ቁጥሮቹ በሥራ ብዛት ተጨናነቁ፤ ደንበኞች ደጋግመው እየደወሉ «ተይዟል» የሚለውን ድምፅ ብቻ ሲሰሙ ሰነበቱ፤ ኩባንያውም ከክፍለ ግዛቶች ዐቃብያነ ሕግ ጋር ተስማምቶ ገንዘብ መመለስ ግድ ሆነበት። እጥረቱ ከሂሳብ ደረሰኝ ወጥቶ ወደ ወረፋ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በዚያው አገር በርካታ የስልክ ኩባንያዎች የአይኤስዲኤንን ጥሪ በደቂቃ ማስከፈላቸው ደግሞ ብዙው ሕዝብ ከዘገምተኛው ሞደም ጋር ለምን እንደ ቆየ ለመረዳት ያግዛል። አንዱና ያው ቴክኖሎጂ በሁለት አገር ሁለት ዕድል የገጠመው አሐዱ ስለተለያየ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ተመራማሪ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት፣ በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ በፊዶኔት አማካይነት ኤሌክትሮኒክ መልእክት ያመላልስ ነበር። አሠራሩ የአሐዱን ጭካኔ በብልሃት የሚያልፍ ነው። ተጠቃሚው መልእክቱን ከመስመር ውጭ ሆኖ ይጽፋል፤ የብዙ ሰዎች መልእክት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይጠራቀማል፤ ኮምፒውተሩ ወደ ለንደን ደውሎ የተጠራቀመውን ያስረክባል፣ የመጣውን ይረከባል፣ መስመሩን ይዘጋል። ለዓለም አቀፍ ጥሪ በደቂቃ በሚከፈልበት አገር አንድም ደቂቃ በማንበብና በማሰብ አይባክንም። በፍጥነት ሰንጠረዥ ቢመዘን ይህ አገልግሎት ከሁሉም በታች ይወድቃል፤ በቆጣሪው ቢመዘን ግን ከዘመኑ ብልህ ምርጫዎች አንዱ ነው።

ዛሬ ደቂቃው ቀርቶ ሜጋባይቱ መጥቷል፤ ሜጋባይቱም ለብቻው አልመጣም። በሰዓት፣ በቀን፣ በሳምንትና በወር የሚሸጡት የሞባይል ጥቅሎች አሐድ ድርብ ነው፤ መጠንና የማብቂያ ጊዜ። ለ24 ሰዓት የሚያገለግል ጥቅል የገዛ ተማሪ ጽሑፎችን የሚያወርደው ሊያነባቸው በፈለገ ጊዜ ሳይሆን ጥቅሉ ሳያበቃ ነው። ገጽ ከፍቶ ቢያስብ አይቆጠርበትም፤ ሲያወርድ ቢቋረጥበትና እንደገና ቢጀምር ግን ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በዳያልአፕ ዘመን የነበረው ቅጣት መልኩን ቀይሯል ማለት ነው። ያልተገደበ ወርኃዊ ጥቅል ያለው የክፍል ጓደኛው በአንድ ኔትወርክ፣ በአንድ ፍጥነት፣ ምናልባትም በአንድ መኝታ ክፍል ሆኖ ፈጽሞ የተለየ ተጠቃሚ ነው። ሆኖም የተደራሽነት ጥናት መጠይቅ «ኢንተርኔት ይጠቀማሉ?» እና «ፍጥነቱን እንዴት ያዩታል?» ብሎ ካበቃ ሁለቱ ተማሪዎች በአንድ ረድፍ ይመዘገባሉ። ከዚያ የሚወጣው አማካይ የማንንም ሕይወት አይገልጽም። መልስ ሰጪው በምን አሐድ እንደሚከፍል፣ ሳይጠቀምበት ያለፈበት ጥቅል ምን ያህል እንደሆነ፣ የሚገናኝበትን ሰዓት ሥራው ወይስ ታሪፉ እንደሚወስንለት መጠየቅ መጠይቁን ከሦስት መስመር በላይ አያስረዝመውም።

ያለፈውን ለማጥናት ደግሞ ሰነዱ ራሱ ያስፈልጋል። ሞደም ዛሬም ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሊገኝ ይችላል፤ የቴክኒክ ደረጃዎቹም ታትመው ተቀምጠዋል። የታሪፍ ወረቀት ግን አዲሱ ሲወጣ አሮጌው የሚጣል ነገር ነው፤ ማንም እንደ ታሪክ ሰነድ አይቆጥረውም። የ1990ዎቹ ዓ.ም. የስልክና የኢንተርኔት ደረሰኞች በአንዳንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ፋይሎችና በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ዛሬም ይኖራሉ። የሂሳብ ሰነድ ደግሞ የማቆያ ዘመኑ ሲያበቃ ይወገዳል። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ደረሰኞቹን የግለሰብ ስምና ቁጥር ሸፍኖ ለመሰብሰብ የሚያስፈልገው አንድ ካቢኔና አንድ ክረምት ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ርእስ የሚፈልግ ተማሪም ከዚያ ካቢኔ ባዶ እጁን አይመለስም።