ሲፒ አይጠይቅም

ባለፈው ቅዳሜ ጁገል ውስጥ፣ ጓደኛችን ቤት ጫታችንን ይዘን ቁጭ ብለን፣ የሁለት ሳምንት ሥራችንን በአንዲት መስመር ድራሹን አጠፋነው። አሮጌውን የፕሮግራም ፋይል ከፍላሽ ስንገለብጥ፣ ያው ስም ባለው አዲሱ ላይ ጫንነው። ሊኑክስ «እርግጠኛ ናችሁ?» አላለንም። ሲፒ የሚባለው ትዕዛዝ ሰረዝና «አይ» ካልጨመሩለት አይጠይቅም።

ያተረፈን ኤዲተሩን ሳንዘጋው መርሳታችን ነው። አዲሱ ጽሑፍ ገና ሜሞሪ ላይ ነበር፤ በሌላ ስም ሴቭ አደረግነው። ዴስክቶፕ ነው እንግዲህ፣ ባትሪ የለውም፤ ያኔ መብራት ሄዶ ቢሆን... ተዉት።

የጠፋው እየሠራ ያለ ፕሮግራም ከሆነም ተስፋ አለ። ፋይሉ ቢሰረዝ እንኳ ፕሮግራሙ እስካልቆመ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ይቆያል። ፕሮክ የሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ በፕሮሰሱ ቁጥር ሥር ያለውን ኤግዚ የሚባል ፋይል ኮፒ ማድረግ ነው። ደንግጣችሁ ሪስታርት ካደረጋችሁ ግን አለቀ!

እኛን ያናደደን ሊኑክስ አይደለም፣ ራሳችን ነን። ጊት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ አለ። ያለ ኢንተርኔትም ስለሚሠራ «ኔትወርክ የለም» ብሎ ማመካኘት አያዋጣም። እዚሁ ሰፈራችን አብዱላሂ ሸሪፍ የሰው ቤት የቀሩ የእጅ ጽሑፎችን ለዓመታት እየሰበሰቡ፣ የተበጣጠሰውን ጠግነው ሙዚየም አቁመዋል። እኛ የገዛ ጽሑፋችንን ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ሰነፍን።

ያቺ ፋይል አሁን ጊት ውስጥ ገብታለች። ፍላሹ ላይ ያለችውንም ስሟን ቀይረነዋል።