ለመዓዛማ ዘይት ነጋዴዎች፦ ሽታውና ጠብታው አንድ አይደሉም

የተከበራችሁ የመዓዛማ ዘይት ነጋዴዎች፣

ንግዳችሁን ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ የላቬንደርን ሽታ እኔም እወዳለሁ። ቅር ያሰኘኝ ጠርሙሱን ይዛችሁ «ውሻ ያረጋጋል፣ ቁንጫ ያባርራል፣ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የምትሉት ነው።

ስለ ማረጋጋቱ ጨርሶ ዋሻችሁ አልልም። የቤልፋስቷ ተመራማሪ ዴቦራ ዌልስ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ መኪና ውስጥ የሚቅበጠበጡ 32 ውሾች ላቬንደር እየሸተታቸው ሲጓዙ ይበልጥ ዐርፈው ተቀምጠዋል፤ ጩኸታቸውም ቀንሷል። ልብ በሉ፦ የተሞከረው ሽታ ነው። ቆዳ ላይ የተቀባ፣ ምግብ ላይ የተንጠባጠበ ነገር የለም። እናንተ ግን ስለ ሽታው በተገኘ ማስረጃ ጠብታውን ትሸጣላችሁ።

የጠብታው ታሪክ ሌላ ነው። ከ2002 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለእንስሳት መመረዝ ማዕከል ሪፖርት ከተደረጉት መካከል፣ ቲ ትሪ ከተባለው ተክል በሚወጣ ባልተበረዘ ዘይት የተጎዱት 337 ውሾችና 106 ድመቶች ነበሩ። ፈዘዙ፣ ተንገዳገዱ፣ ተንቀጠቀጡ፣ እግራቸው ከዳቸው፤ ምልክቱ ከ2 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊጀምር፣ እስከ 72 ሰዓትም ሊቆይ ይችላል። የሚያሳዝነው ታዲያ፣ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ጠርሙስ ተደፍቶባቸው አልነበረም። ባለቤቶቻቸው ይጠቅማል ብለው ሆን ብለው የሰጧቸው ናቸው።

ድመት ደግሞ የባሰባት ናት። በእነዚህ ዘይቶች ውስጥ ያሉትን ብዙ ውሕዶች ሌላው እንስሳ በጉበቱ ለውጦ በሽንት ሲያስወግዳቸው፣ የእሷ ጉበት ለዚህ የሚያስፈልገው ኢንዛይም እጅግ ያንሰዋል። በዚያ ላይ ጠጉሯን እየላሰች የምታጸዳ ፍጥረት ስለሆነች፣ ጀርባዋ ላይ የቀባችሁት ሆዷ ይገባል።

የዕፅዋት ዘይት ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በጦስኝ ውስጥ የሚገኘው ቲሞል በአውሮፓ ቫሮዋ የተባለውን የንብ ተባይ ለመከላከል በመድኃኒትነት ተመዝግቧል። ነገር ግን መጠኑ ተለክቶ፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚሠራ ተጽፎ ነው የሚሸጠው። የእናንተ ጠርሙስ ላይ ምን ተጽፏል?

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ቲ ትሪ የሚሸጥበት ጠርሙስ ላይ «ለድመትና ለውሻ አይቀባ፣ አይጠጣ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉ። ቁንጫ ያስቸገረው ደንበኛ ሲመጣም ወደ እንስሳት ሐኪም ላኩት።

ከአክብሮት ጋር